ግመልና ቄጠማ በአንድ ሳጥን

ጥር ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በርን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፎ ወደ ከሚሴ ሲቃረብ የመሬቱ መልክ ይለወጥበታል። እስከዚያ ካለፈባቸው ማሳዎች ብዙዎቹ ታጭደው አብቅተዋል። የማሽላ አገዳው ተከምሯል፣ ኮረብታው ነጣ ያለ ቡናማ ሆኗል፣ አቧራው ከመኪናው ኋላ አይለይም። ጨፋ ሮቢት ሲደርስ ግን ሜዳው አረንጓዴ ነው። የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ረግረግ ውሃውን ይዞ ስለሚቆይ፣ ሌላው አገር ሲደርቅ እዚህ ቄጠማው ለምልሞ፣ ፊላው ከሰው ቁመት በልጦ ይገኛል። በዚያ ልምላሜ መሐል ከአፋር ቆላ የመጡ ግመሎች ይሰማራሉ። ከአጠገባቸው የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደሮች ከብት አለ፤ ከከብቱ እግር ሥር ደግሞ ነጫጭ ወፎች።

ይህን ቦታ በኮሚክ መጽሐፍ ሊያሳይ የተነሣ ሰው አገሩን ካላወቀው የመጀመሪያውን ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ግመል ሲሥል መሬቱን የአሸዋ ቀለም ይቀባዋል። «በጋ ነው» ከተባለ ሜዳውን ቢጫ ያደርገዋል። «አረንጓዴ አድርገው» ከተባለም ሰማዩን በክረምት ደመና ይሸፍነዋል። ሦስቱም ምርጫ ሌላ ቦታ ላይ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ጨፋ ላይ ግን ታሪኩን ያፈርሰዋል። አርብቶ አደሩ ረጅም መንገድ ተጉዞ እዚህ የሚመጣው በጋው በሌላ ቦታ ያጠፋውን አረንጓዴ ፍለጋ ነውና። ሜዳው ቢጫ ሆኖ ከተቀባ ባለ ግመሉ ለምን እንደመጣ አንባቢው የሚያውቅበት መንገድ የለም፤ ደራሲው በቃላት ሊያስረዳ ይገደዳል።

ኮሚክ ውስጥ ቀለም ዓለም ይሠራል ሲባል ይኸው ነው። የአየሩን ጠባይ፣ ወሩን፣ ሰዓቱን፣ ማን ከየት እንደመጣና ምን እንደቸገረው፣ አንድም ፊደል ሳይጻፍ ይናገራል።

መስመሩ የማይነግረን

ኮሚክ ያነበበ ሁሉ ስለ ሥዕሉና ስለ ታሪኩ ያወራል፤ ቀለም የቀባውን ሰው ግን ስሙን እንኳ የሚያነብ ጥቂት ነው። ሥራው በአብዛኛው በሦስት ሰዎች እጅ ያልፋል። አንዱ በእርሳስ ይነድፋል፣ ሌላው በጥቁር ቀለም መስመሩን ያጠነክራል፣ ሦስተኛው ቀለሙን ያስገባል። ሦስተኛው ሰው ጋ የሚደርሰው ገጽ ሰዎቹ፣ ቤቶቹና ንግግሩ ሁሉ የተሟሉለት ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው ምን ዓይነት ዓለም ውስጥ እንደሆነ።

አንዳንዴ ያንን ዓለም የማተሚያ ማሽን ራሱ ወስኖታል። ሃልክ የተባለው የማርቭል ግዙፍ ፍጡር እ.ኤ.አ. በግንቦት 1962 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ግራጫ ነበር። በዚያ ዘመን ርካሽ ወረቀት ላይ ግራጫን ከገጽ ገጽ እኩል አድርጎ ማተም አልተቻለም፤ አንዱ የሥዕል ሳጥን ውስጥ ጠቆር፣ ሌላው ውስጥ ነጣ እያለ አስቸገረ። በሁለተኛው እትም ፍጡሩ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው አረንጓዴ ሃልክ የተወለደው ከማተሚያ ቤት ችግር ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ቀለሙ ራሱ ታሪኩ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1953 ኢሲ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ «የፍርድ ቀን» የሚል አጭር ታሪክ አወጣ። ደራሲው አል ፌልድስታይን፣ ሠዓሊው ጆ ኦርላንዶ ነበሩ። አንድ የጠፈር ተጓዥ ሮቦቶች ብቻ ወደሚኖሩባት ፕላኔት ይሄዳል። ሮቦቶቹ ብርቱካናማና ሰማያዊ ናቸው። ተጓዡ ከተማውን ሲጎበኝ ብርቱካናማዎቹ የተሻለውን ይዘው፣ ሰማያዊዎቹ በሌላ ሰፈር ተገልለው ያገኛቸዋል። ውስጣቸው ተከፍቶ ሲታይ የተሠሩበት ዕቃ አንድ ነው፤ ልዩነታቸው የላይኛው ቅብ ብቻ ነው። እንግዳው «ገና አልደረሳችሁም» ብሎ ትቷቸው ይሄዳል። በመጨረሻው ሳጥን መንኩራኩሩ ውስጥ ሆኖ የራስ ቁሩን ሲያወልቅ ጥቁር ሰው መሆኑን እናያለን።

ይህ ታሪክ ያለ ቀለም ሊነገር አይችልም። ገጹ ሁሉ በብርቱካናማና በሰማያዊ ተከፍሎ አንባቢው ልዩነቱን ከለመደው በኋላ ነው የሰውየው ቆዳ የሚገለጠው። እ.ኤ.አ. በ1956 ታሪኩ እንደገና ሊታተም ሲል የኮሚክ መጻሕፍትን ይቆጣጠር የነበረው አካል ተጓዡ ጥቁር እንዳይሆን ጠየቀ። አሳታሚው ዊልያም ጌይንስ እምቢ ብሎ እንዳለ አወጣው። በአንድ ሳጥን ውስጥ ያለ የቆዳ ቀለም ይህን ያህል ያጣላ ነበር።

> አንድ ታሪክ፣ አንድ መስመር፣ ሁለት ቀለም፤ ሁለት የተለያየ ዓለም።

ሌላው ምሳሌ በእኔ ግምት ከሁሉም የበለጠ አስተማሪ ነው። አለን ሙር ጽፎት ብራያን ቦላንድ የሣለው የባትማን ታሪክ «ዘ ኪሊንግ ጆክ» እ.ኤ.አ. በ1988 ሲወጣ ቀለሙን የቀባው ጆን ሂጊንስ ነበር። ሂጊንስ ገጹን በደማቅ ወይን ጠጅ፣ በብርቱካናማና በቢጫ አጥለቀለቀው። አንባቢው የገባው የታመመ አእምሮ የሚያየው የመዝናኛ ሜዳ ውስጥ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ ቦላንድ ራሱ መጽሐፉን እንደ አዲስ ቀባው። አሁን ሁሉ ነገር ቀዝቅዟል፤ ያለፈውን ዘመን የሚያስታውሱት ሳጥኖች ከሞላ ጎደል ጥቁርና ነጭ ሆነው፣ በየመሐላቸው አንዳች ነገር ብቻ ቀይ ይሆናል። የተነገረው ቃል አልተለወጠም፣ የሰዎቹ ፊትም ያው ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ዘርግቶ ያየ ሰው ግን ሁለት የተለያየ ከተማ ጎብኝቶ የተመለሰ ያህል ይሰማዋል።

እኛ በሳጥን መተረክ የጀመርነው ዛሬ አይደለም

ኮሚክ ከውጭ የመጣ ነገር ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። የወረቀት መጽሐፉ እውነትም ከውጭ ነው። ነገር ግን በአዲስ አበባ የባህል ዕቃ መሸጫ የገባ ሁሉ የንግሥተ ሳባን ሥዕል ያውቀዋል። አንድ ሸራ በአራት ማዕዘን ሳጥኖች ተከፋፍሎ፣ ብዙ ጊዜ አርባ አራት ሆኖ፣ ከአርዌ ዘንዶ መገደል ጀምሮ ነጋዴው ታምሪን ስለ ሰሎሞን የሚያወራበትን፣ የኢየሩሳሌሙን ጉዞ፣ ቅመም የበዛበትን ግብርና የሌሊቱን የውሃ ጥም፣ የቀዳማዊ ምኒልክን መወለድና የታቦቱን መምጣት በተራ ያሳያል። በየሳጥኑ በአማርኛ አጭር ጽሑፍ አለ። ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ይህ ኮሚክ ካልሆነ ኮሚክ ምንድን ነው?

በዚያ ሥዕል ላይ ቀለሙ የሚሠራውን ሥራ ለማየት ራቅ ብሎ መቆም ይበቃል። ጽሑፉ በማይነበብበት ርቀት ላይ እንኳ ንግሥቲቱ በልብሷና በዘውዷ ከሳጥን ሳጥን ትለያለች። ዓይን ቀለሟን እየተከተለ ታሪኩን ይጓዛል። ማንበብ የማይችል ሰው ሁሉ ታሪኩን «ያነብ» የነበረው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ የራሱ ጥብቅ የቀለም ሥርዓት አለው። እመቤታችን ከቀይ ቀሚስ በላይ ሰማያዊ መጎናጸፊያ ደርባ ትሣላለች። በጎንደር ዘመን መጀመሪያ ላይ ሠዓሊዎቹ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊን ሳያደባልቁ፣ በገላጣ መደብ ላይ አስቀመጡ። ሰዎቹ የት እንደቆሙ አይታወቅም፤ አፈርም ሰማይም የላቸውም፤ ሰዓቱም አይለይም። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ ሁለተኛው የጎንደር ሥዕል ሲያብብ ግን መደቡ ተለወጠ። ከኋላ ያለው ቀለም ከቢጫ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚሸጋገር ሆነ። ፊቶቹ ጥላ አገኙ፣ ልብሱ ወፍራም የሐር ጨርቅ መሰለ። ቅዱሳኑ በአንዳች ብርሃን ውስጥ የቆሙ ሆኑ። ይህ ለኮሚክ ቀለም ቀቢ ትልቅ ትምህርት ነው። ዓለም ለመሥራት ተራራና ቤት ከመሣል በፊት ከሰዎቹ ኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ምን ቀለም ይሁን ብሎ መወሰን ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የመጡት የዓድዋ ሥዕሎች ይህን ሥርዓት ወደ ጦር ሜዳ አወጡት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን የሚያሳዩት ሸራዎች በአብዛኛው አንድ አሠራር አላቸው። ኢትዮጵያውያኑ ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ጣሊያኖቹ በአንድ ጎን ፊት፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። የኢትዮጵያ ወገን ባለ ብዙ ቀለም ነው፤ ለምድ፣ ጋሻ፣ ጥላ፣ የፈረስ ዕቃ ሁሉም ያበራል። የጠላት ወገን አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ ለብሶ በረድፍ ቆሟል። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ይወርዳል፤ በብዙዎቹ ሥዕሎች ዙሪያው በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተከበበ ነው። የሥነ ጥበብ ታሪክ የሚያስተምሩ ሰዎች በፊት አሣሣሉ ላይ ብዙ ጽፈዋል፤ የቀለሙ ክፍፍል ግን እኩል ሊነገርለት የሚገባ ይመስለኛል። የተመልካቹን ልብ መጀመሪያ የሚወስደው እርሱ ነውና።

ሰማያዊና ነጭ ከተማ

በእኛ ዘመን የኮሚክ መጽሐፍ በአማርኛ ይዞ የመጣው ብስራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ ነው። «ጀምበር» እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጣ። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ትምህርቱን ጨርሶ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ቀጥሎ የመጣችው «ሃዊ» ደግሞ በአሜሪካ የምትኖር፣ ወደ ኢትዮጵያ የምትጓዝ ወጣት ሴት ታሪክ ናት።

የጀምበርን ጉልበት የያዘው አዲስ አበባ ነው። ልዩ ኃይል ያለው ጀግና በየአገሩ አለ፤ ሥራ አጥ ሆኖ የከተማችንን መንገድ የሚዞር ግን ሌላ አልነበረም። ይህን ከተማ በአንድ ሳጥን ለማሳወቅ ደግሞ ከቀለም የፈጠነ መንገድ የለም። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ታክሲ ከጥጉ ብቅ ካለ አንባቢው የት እንዳለ አወቀ። የግንባታ ቦታ ያጠረ አረንጓዴና ቢጫ ቆርቆሮ ከታየ ዘመኑንም አወቀ። ሰማያዊና ነጭ ላዳ፣ ቀይና ቢጫ አንበሳ አውቶቡስ ከተጨመረ ወደ ኋላ የትኛው ዓመት እንደሆነ ሊከራከር ይችላል። የአገሩ ልጅ ይህን ሁሉ ያውቀዋል፤ ማንም ግን «የከተማችን ቀለም» ብሎ ጽፎ አላስቀመጠውም። ዛሬ ኮሚክ የሚሠራው ደራሲው አንድ አገር፣ ሠዓሊው ሌላ አገር፣ ቀለም ቀቢው ሦስተኛ አገር ሆነው በኢንተርኔት እየተላላኩ ነው። አዲስ አበባን ረግጦ የማያውቅ ባለሙያ ዛጎል የመሰለ ነጭ የጥምቀት ልብስና ከእሳት ጢስ የጠቆረ ጋቢ ያላቸውን ልዩነት እንዲያውቅ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

የአፍሪካን ከተማ በቀለም በደንብ ያሳወቀ መጽሐፍ አለ። የኮት ዲቯሯ ማርገሪት አቡዌ የጻፈችው፣ ክሌማን ኡብረሪ የሣለው «አያ» እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ አቢጃን ውስጥ ዮፑጎን የተባለን ሰፈር በ1970ዎቹ መጨረሻ እንደነበረ አሳየ። ጦርነትና ረሃብ የለበትም። የጎረቤት ሐሜት፣ ፍቅር፣ ትምህርትና ምሽት ጭፈራ ነው። ሰፈሩ በሞቃት ቀለም ተቀብቶ፣ የሴቶቹ ልብስ በየገጹ እየደመቀ፣ ያላየነውን አገር የኖርንበት ያህል እንድናውቀው ያደርጋል።

የጨፋ ቀለም ማን ይቀባው?

ጨፋ ሮቢትና መላው የከሚሴ አካባቢ ባለፉት ዓመታት ስሙ በዜና በብዛት የተነሣው በግጭት ነው። በስልክ የተነሣ ጢስ፣ የተቃጠለ ቤት፣ የተዘጋ መንገድ። ቦታውን ረግጦ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ በአእምሮው የያዘው ቀለም ግራጫ ነው። ልጆቹ ግን የሚኖሩት በሌላ ቀለም ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ስለ ኮሚክ ስናወራ ይህን ሜዳ ማንሣት የፈለግሁት። ዓለም መሥራት ማለት ሌላ ፕላኔት መፍጠር ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል። ያለ ዓለም ግን ሳይሣል ከቀረ ለሌላው ሰው የለም ማለት ነው።

በአካባቢው የማስታወቂያ ሰሌዳና የሱቅ በር የሚቀቡ ሰዎች ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ስለዚህ ቦታ ቀለም ያውቃሉ። ቆላ ነው፤ ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል፤ ፀሐዩ ቀይ ቀለምን ከሁሉ ቀድሞ ይበላዋል። ስለዚህ በዕድሜ የገፋ ሰሌዳ ላይ ቀዩ ጽሑፍ ወደ ሮዝ ሸሽቶ፣ ሰማያዊው ጸንቶ ይታያል። በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው እንደሚለው፣ ባለ ሱቁ «አዲስ ይመስል» ካለ ቀይ፣ «ይቆይ» ካለ ሰማያዊ ይቀባለታል። አሮጌ መንገድ ለማሳየት ለሚፈልግ የኮሚክ ባለሙያ ከዚህ የተሻለ ምክር የለም። የቤቶቹን ዕድሜ የሚለካው በቀዩ መጠን ነው።

የቀኑ ሰዓትም እዚህ የራሱ አካሄድ አለው። ምዕራቡን የደጋው ግድግዳ ይዞታል፣ በምሥራቅ በኩል ዝቅ ያሉ ኮረብቶች ከአፋር ቆላ ይለዩታል። ጠዋት ብርሃኑ ከአፋር በኩል አግድም ገብቶ ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል፤ ምሽት ላይ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት የተራራው ጥላ ቀድሞ ይወርዳል። በዚያ ሰዓት ሰማዩ ገና ብሩህ ነው፣ ምድሩ ግን ሰማያዊ ሆኗል። ሌላ አገር ምሽትን ብርቱካናማ አድርጎ መቀባት ያስኬዳል። ጨፋ ላይ ብርቱካናማው ጠዋት ላይ ይብሳል፤ ምሽቱ ቀዝቃዛ ነው። በሁለት ሳጥን ብቻ፣ አንዱን ብርቱካናማ ሌላውን ሰማያዊ አድርጎ፣ እረኛው ቀኑን ሙሉ ሜዳ እንደዋለ መናገር ይቻላል።

> ጨፋ ላይ ብርቱካናማው ጠዋት ላይ ይብሳል፤ ምሽቱ ቀዝቃዛ ነው።

ከዚያ ሰው አለ። በገበያ ቀን የሴቶቹ ሻሽና ሻርፕ፣ የጨሌው ቀለም፣ የወንዶቹ ባለ መስመር ሽርጥ፣ ቢጫ ጀሪካን የጫነ ጋሪ፣ ሰማያዊ ባጃጅ፣ የሸራ ዳስ፣ የመስጊዱ ሚናራ። ከሥር ሲደርቅ ግራጫ፣ ሲርስ ጥቁር የሚሆነው መረሬ አፈር አለ። ኮሚክ አንባቢ የሆኑ ወጣቶች በዚህ ላይ ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ «ይህን ሁሉ ቀለም አንድ ገጽ ላይ ካፈሰስነው ዓይን የሚያርፍበት ያጣል» ይላሉ። ልክ ናቸው። ባለታሪኳ በገበያው ሕዝብ መሐል እንድትለይ ከተፈለገ የሌላው ሰው ቀለም መደብዘዝ አለበት፤ የእርሷ ሻርፕ ብቻ ይደምቃል። ሌሎቹ ደግሞ «ገበያውን ካደበዘዝከው ገበያ መሆኑ ቀረ» ይላሉ። እነርሱም ልክ ናቸው። ንግሥተ ሳባን የሣሉት ሰዎች ይህን ጥያቄ ለባለታሪካቸው ዘውድ በመስጠት አልፈውታል፤ ለጨፋ ልጅ ዘውድ የለም፣ ስለዚህ ሥራው ሁሉ በቀለም ቀቢው ላይ ይወድቃል።

የቆዳው ነገር ለብቻው መነሣት አለበት። የድሮ የአሜሪካ ኮሚክ ማተሚያ ጥቁር ሰውን ሲያትም ብዙ ጊዜ አንድ ወጥ ቡናማ፣ ወይም ጭቃ የመሰለ ግራጫ ያደርገው ነበር፤ ለሁሉም ሰው አንድ ቆዳ። የጨፋ ገበያ ላይ የአፋር፣ የኦሮሞ፣ የአርጎባና የአማራ ሰው አብሮ ይቆማል፤ በየወገኑም ውስጥ ቀይ፣ ጠይምና ጥቁር የሚባል ሰው አለ። ዘርን በቆዳ ቀለም ለመለየት የሚሞክር ሥዕል ውሸት ይሆናል፤ ከውሸትም አልፎ አደገኛ ነው። ሁሉንም አንድ ቡናማ ማድረግም ፊቶቹን ይገድላቸዋል። የሥዕል መምህራን ተማሪን የሚመክሩት አንድ ነገር እዚህ ይጠቅማል፤ ቆዳው የአጠገቡን ቀለም ይውሰድ። አረንጓዴ ቄጠማ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከአገጩ ሥር አረንጓዴ ያርፍበታል። ቢጫ ጀሪካን የተሸከመች ልጅ ጉንጯ ላይ ቢጫ አለ። በዚህ መንገድ የሰው ፊት ከዘሩ ይልቅ ስለቆመበት ቦታ ይናገራል።

የቀረው ጥያቄ የመሣሪያ ነው። ኮምፒውተር ላይ ለመቀባት እንደ ክሪታ ያለ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ ስልክ ላይም ብዙ መሥራት ይቻላል። ጨፋ ያለበት ዞን የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በአንድ ገጽ ላይ የቁቤና የግዕዝ ፊደል ንግግር አብረው ሊገቡ ይችላሉ። አስቸጋሪው አረንጓዴው ነው። በስክሪን ላይ የሚታየው በብርሃን የተሠራ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ያለው ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ብቻ ነው። ስልክ ላይ ያበራ የነበረው ሜዳ ወረቀት ላይ ደብዝዞ ይወጣል። ወጣቶቹ በዚህ ይናደዳሉ፣ የበለጠ ደማቅ አረንጓዴ ይመርጣሉ፣ የታተመው ግን ያው ነው።

በብሩሽ የሚሠሩት ትልልቆቹ ሌላ መንገድ ያውቃሉ። የበጋውን ቄጠማ ለማግኘት ሰማያዊና ቢጫ አይደባልቁም፤ ያ የክረምት ሣር ይሆናል ይላሉ። ቢጫ ላይ ጥቂት ጥቁር ይጨምራሉ። የሚወጣው ጠቆር ያለ፣ ውሃ ውስጥ የቆመ ተክል የሚመስል አረንጓዴ ነው፤ ቢጫና ጥቁር ደግሞ በየትኛውም ማተሚያ ቤት አሉ። አንድ ወጣት ይህን በስልኩ ሞክሮ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቆሻሻ አረንጓዴ ነው» ሲል፣ ሰሌዳ ቀቢው ግመሉን አሸዋማ ቡናማ አድርጎ ከላዩ እንዲያስቀምጥበት ነገረው። ወጣቱ አስቀመጠው፣ ስልኩን ራቅ አድርጎ አየው፣ ከዚያ የሰማዩን ሰማያዊ መቀነስ ጀመረ።